የታማሚው ቀለም ወይስ የብርሃኑ? በሕክምና ፎቶግራፍ ላይ ስለሚያርፍ ባዕድ ቀለም የቀረበ ሂስ

ሕክምና ከጥንት ጀምሮ ቀለምን እንደ ምልክት ሲያነብ የኖረ ሙያ ነው። የደም ማነስ በዓይን ቆብ ውስጠኛ ገጽ መገርጣት፣ የጉበት ሕመም በዓይን ነጭ ክፍል ቢጫ መሆን፣ የኦክስጅን እጥረት በከንፈርና በምላስ መጥቆር፣ የቁስል መመርቀዝ በዙሪያው መቅላት ይጠረጠራል። በማኅፀን በር ላይ አሴቲክ አሲድ ተቀብቶ የሚደረገው ቅድመ ካንሰር ምርመራም የሚመሠረተው ነጭ ሆኖ በሚወጣ ሥፍራ ላይ ነው። ስለዚህ ለጤና ባለሙያ ቀለም ጌጥ አይደለም፤ እንደ ትኩሳትና እንደ ልብ ትርታ ሁሉ የሚመዘገብ ግኝት ነው።

ይህ ግኝት ዛሬ በብዛት የሚጓዘው በፎቶግራፍ ነው። ከጤና ጣቢያ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል፣ ከመስክ ጥናት ወደ መረጃ ማዕከል፣ ከሕክምና ክፍል ወደ መማሪያ ክፍልና ወደ መጽሔት ገጽ በእጅ ስልክ የተነሣ ምስል ይላካል። ስለ ምስሉ ጥራት ሲነሣ ግን ዘወትር የሚጠየቀው ጠርቶ መውጣቱ ወይም መደብዘዙ ነው። በምስሉ ላይ የሚታየው ቀለም የታማሚው ይሁን የብርሃኑ፣ ወይስ የካሜራው ግምት፣ እምብዛም አይጠየቅም። የዚህ ጽሑፍ ሂስ የሚያተኩረው በዚህ በሚዘለለው ጥያቄ ላይ ነው።

በዋግ ኽምራ ብርሃን ሥር

ጉዳዩ ረቂቅ እንዳይመስል በአንድ አካባቢ ላይ አስቀምጦ ማየት ይጠቅማል። ኒሯቅ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር የአበርገሌ ወረዳ ከተማ ናት። የአስተዳደሩ ዋና ከተማ ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታልም በዚያ ነው። አበርገሌ ግን ወደ ተከዜ የሚወርድ ቆላማ አገር ነው፤ ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ መንገዱም ለታመመ ሰው ቀላል አይደለም። በእንዲህ ያለ ቦታ ታማሚን ወደ ሰቆጣ መላክ ወይም እዚያው ማከም የሚለው ውሳኔ ለባለሙያውም ለቤተሰቡም ከባድ ነው። ምክር ለመጠየቅ የሚላክ ፎቶግራፍም በውሳኔው ውስጥ ድርሻ ይኖረዋል።

አንድ ጤና መኮንን የአንድን ሕፃን የዓይን ቆብ ገልብጦ፣ ካሜራውን ለቀትር ፀሐይ በተዘጋጀው ምርጫ ላይ አድርጎ፣ በሦስት ቦታ ፎቶግራፍ ቢያነሣ ምን ይሆናል? የመጀመሪያው ምስል ከሕንፃው ውጭ በግድግዳ ጥላ ሥር ቢነሣ፣ ሕፃኑ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከፀሐይ በቀጥታ የሚመጣው ሳይሆን ከሰማያዊው ሰማይ የሚወርደው ነው፤ ምስሉ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፤ የቆቡ ቅላት ይቀንሳል፤ ሕፃኑ ደም ያነሰው ይመስላል። ሁለተኛው በክፍል ውስጥ በአምፖል፣ መብራት ሲጠፋም በፋኖስ ብርሃን ቢነሣ፣ ምስሉ ቢጫ ይለብሳል፤ የዓይኑ ነጭ ክፍል የወፍ በሽታ የያዘው ያስመስላል። ሦስተኛው በዘመቻ ጊዜ በተተከለ አረንጓዴ ሸራ ሥር ቢነሣ፣ ብርሃኑ ሸራውን አቋርጦ ሲገባ የሸራውን ቀለም ይዞ ይገባል። ሕፃኑ አንድ ነው፤ ደሙም ጉበቱም አንድ ነው፤ ሦስቱ ምስሎች ግን የሦስት ሕፃናት ይመስላሉ።

ይህ ከታማሚው ያልመነጨ፣ ከውጭ ገብቶ በምስሉ ላይ የሚያርፍ ቀለም በዚህ ጽሑፍ ባዕድ ቀለም ተብሏል። የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው። የሻማ ብርሃን 1,900 ኬልቪን ገደማ፣ የጥንቱ የክር አምፖል ከ2,700 እስከ 2,800፣ የቀትር ፀሐይ 5,500 ገደማ ሲሆን፣ በጠራ ሰማይ ሥር ያለ ጥላ ከ7,000 እስከ 10,000 ይደርሳል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብርሃኑ ወደ ብርቱካናማ፣ በጨመረ መጠን ወደ ሰማያዊ ያደላል። ካሜራ ይህን ልዩነት አካክሶ ነጩን ነጭ፣ ግራጫውን ግራጫ አድርጎ እንዲያወጣ የሚደረገው ማስተካከያ የነጭ ሚዛን ይባላል።

ዓይን ያካክሳል፣ ካሜራ ይገምታል

በቦታው የቆመው ባለሙያ ይህን ሁሉ ለውጥ በአብዛኛው አያስተውለውም። የሰው ዓይንና አንጎል የብርሃኑን ቀለም ቀንሰው የነገሩን ቀለም የማየት ችሎታ አላቸው፤ ነጭ ጋቢ በፋኖስ ብርሃንም በቀትር ፀሐይም ነጭ ሆኖ ይታያል። ጀርመናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዮሐንስ ፎን ክሪስ እ.ኤ.አ. በ1902 ሦስቱ የቀለም ተቀባዮች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ስሜት ከፍና ዝቅ እንደሚያደርጉ በማሰብ ይህን ችሎታ ለማስረዳት ሞክሯል። የዛሬዎቹ ካሜራዎች የሚከተሉት ስሌትም ከዚህ ሐሳብ ጋር የተዛመደ ነው።

ፎቶግራፉን በሌላ ከተማ የሚመለከተው ሐኪም ግን በዚያ ብርሃን ውስጥ አልቆመም፤ ስለዚህ ዓይኑ የሚያካክስበት መነሻ የለውም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 በዓለም ዙሪያ ያነጋገረው የአንድ ቀሚስ ፎቶግራፍ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ያንኑ ምስል የተመለከቱ ሰዎች ከፊሎቹ ሰማያዊና ጥቁር፣ ከፊሎቹ ነጭና ወርቃማ ነው ብለው ተከራከሩ። ለልዩነቱ ከተሰጡት ማብራሪያዎች ዋነኛው ተመልካቾቹ ቀሚሱ ላይ ስላረፈው ብርሃን የያዙት ግምት የተለያየ መሆኑ ነው። ክርክሩ በቀሚስ ላይ ሲሆን መዝናኛ ነው፤ በሕፃን የዓይን ቆብ ላይ ሲሆን ግን የሕክምና ስሕተት ምንጭ ይሆናል።

ካሜራው በበኩሉ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያ በተደረደረበት የብርሃን ተቀባይ ገጽ ይመዘግባል። የኮዳክ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ቤየር እ.ኤ.አ. በ1976 የባለቤትነት መብት ባገኘበት አደራደር ግማሾቹ ነጥቦች አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ ናቸው። የነጭ ሚዛን ማለት የቀዩንና የሰማያዊውን ቁጥር ከአረንጓዴው አንጻር ማባዛት ነው፤ ይኸውም ግራጫ ነው ተብሎ የታሰበው ነገር በሦስቱም እኩል ቁጥር እስኪይዝ ድረስ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ችግሩ ግራጫው የቱ እንደሆነ ለካሜራው የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው።

ካሜራው በራስ ሰር ምርጫ ላይ ሲሆን ግራጫውን ይገምታል። ከግምቶቹ ሁሉ ቀላሉ፣ በአንድ ምስል ውስጥ ያሉ ቀለሞች ሁሉ ቢደባለቁ አማካያቸው ግራጫ ይሆናል የሚለው ነው። አዳዲስ ስልኮች በዚህ ላይ የረቀቁ ዘዴዎችን ጨምረዋል፤ ቢሆንም ከግምት አልወጡም። ሰማይ፣ አፈር፣ ሣርና ሰው በአንድነት በሚታዩበት ምስል ግምቱ ብዙ ጊዜ ይሠራል። በሕክምና ፎቶግራፍ ግን ይህ መነሻ ፈጽሞ ይፈርሳል። የተገለበጠ የዓይን ቆብ ምስሉን ሲሞላው፣ በምስሉ ውስጥ ከቀይ በቀር ሌላ ቀለም አይገኝም ማለት ይቻላል። ካሜራውም ብርሃኑ ቀይ ነው ብሎ ይደመድምና ቀዩን ይቀንሳል። ቢጫ የሆነ ጨቅላ ሕፃን ምስሉን ሲሞላው ቢጫውን ይቀንሳል። በተቃራኒው ሰማያዊ ጓንት ወይም የቀዶ ጥገና አረንጓዴ ጨርቅ ምስሉን ሲይዝ፣ ካሜራው ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቀይ ይገፋና ጤናማውን ቆዳ የታመመ ያስመስላል።

የሂሱ ዋና ነጥብ ይህ ነው፤ ራስ ሰር የነጭ ሚዛን ሕመሙን እንደ ብርሃን ጉድለት ቆጥሮ ያርመዋል። ከዚህ የከፋው ስሕተቱ በዘፈቀደ የሚመጣ አለመሆኑ ነው። ቁስሉ በሰፋና በቀላ መጠን፣ ሕፃኑም ቢጫ በሆነ መጠን የካሜራው እርማት ይበረታል፤ ስለዚህ የሚሸፈነው ይበልጥ ሊታይ የሚገባው ነው። በዚህ ላይ ባለሙያው አንድ እርምጃ ቀርቦ ደግሞ ሲያነሣ የምስሉ ይዘት ስለሚለወጥ ቀለሙም አብሮ ይለወጣል። ሁለት ምስሎችን አነጻጽሮ ተሽሎታል ወይም ብሶበታል ማለት በዚህ ሁኔታ መሠረት ያጣል።

የትራኮማ ምሳሌ

በአማራ ክልል የዚህን ጉዳይ ክብደት ከትራኮማ ይበልጥ የሚያሳይ ሕመም ማግኘት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነትና የትራኮማ ጥናት ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት መካከል ንቁ ትራኮማ የተገኘባቸው በአገር ደረጃ 40 በመቶ ገደማ፣ በአማራ ክልል 62.6 በመቶ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ቀለል ያለ አመዳደብ ንቁውን ትራኮማ በሁለት ምልክቶች ይለያል። ቲኤፍ የሚባለው በላይኛው ቆብ ውስጠኛ ገጽ ላይ ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው አምስትና ከዚያ በላይ እብጠቶች መኖር ነው። ቲአይ የሚባለው ደግሞ ገጹ በብግነት ወፍሮ ከጥልቀት የሚታዩትን የደም ሥሮች ከግማሽ በላይ ሲሸፍን ነው።

ሁለቱ ምልክቶች ለባዕድ ቀለም ያላቸው ተጋላጭነት እኩል አይደለም። ቲኤፍ የሚቆጠር ነገር ነው፤ እብጠቶቹ በቀይ መደብ ላይ ነጣ ብለው ይታያሉ። መደቡ ሲገረጣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ቢቀንስም ቅርጻቸው ይቀራል። ቲአይ ግን በቅላትና በውፍረት ውስጥ የደም ሥሮች መታየት አለመታየታቸውን መመዘን ነው፤ እዚህ ላይ የቀለምና የብርሃን ድርሻ ይበልጣል። መርማሪዎች በቲአይ ላይ ያላቸው ስምምነት በቲኤፍ ላይ ካላቸው ያነሰ መሆኑ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ምክንያቱ ቀለም ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ቀድሞውኑ ለሚያከራክር ምልክት ቀለሙ የሚዋዥቅ ፎቶግራፍ ማቅረብ ግን ክርክሩን ያባብሰዋል። የትራኮማ ጠባሳም ነጭ መስመር ሆኖ ስለሚታይ፣ በእርጥብ ገጽ ላይ ያረፈ የፍላሽ ነጸብራቅ ከጠባሳ ጋር ሊምታታ ይችላል።

ወረዳዎች የአዚትሮማይሲን እደላ ማካሄድ አለማካሄዳቸው የሚወሰነው በዳሰሳ ጥናት በሚገኘው የቲኤፍ መጠን ነው፤ የማስወገድ መለኪያውም ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉት ሕፃናት ከ5 በመቶ በታች መሆን ነው። ይህ ዳሰሳ በመስክ በዓይን የሚሠራ ነው። ፎቶግራፍ የሚገባው መርማሪዎችን ለማሠልጠን፣ ውጤታቸውን ለመፈተሽና ለምርምር ነው፤ ምስሎቹን በኮምፒዩተር ለመመደብም ሙከራዎች ተደርገዋል። ኮምፒዩተሩ የሚማረው ከተሰጡት ምስሎች ነው። የአንድ ቡድን ምስሎች በሰማያዊ፣ የሌላው በቢጫ ያዘነበሉ ከሆኑ፣ በሽታውን ለይቶ ከመማር ይልቅ ድንኳኑን ለይቶ ሊማር ይችላል።

በዋግ ኽምራ ራሱ የተሠራ አንድ ጥናት እዚህ ላይ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2019 በ40 የገጠር ማኅበረሰቦች የተካሄደው፣ በ2022 በላንሴት ግሎባል ኼልዝ መጽሔት የታተመው ጥናት የውኃ አቅርቦትና የንጽሕና ሥራ ትራኮማን ይቀንስ እንደሆነ መረመረ። ዋናውን ፍርድ ያሳረፈው በቅላት ላይ ወይም በፎቶግራፍ ላይ ሳይሆን ከሕፃናቱ ዓይን በተወሰደ ናሙና ውስጥ ክላሚዲያ መኖሩን በላቦራቶሪ በመመርመር ላይ ነው። ውጤቱ በሁለቱ ወገኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አላሳየም። እንዲህ ያለው ለብዙዎች ያልተጠበቀ ውጤት አመኔታ የሚያገኘው መለኪያው ከተመልካች ግምት የራቀ ሲሆን ነው። ላቦራቶሪ በማይደርስበት ቦታ ፎቶግራፍ ከዓቅሙ በላይ ሸክም ይሸከማል፤ ስለዚህ የበለጠ ሥርዓት ይፈልጋል።

ቢጫነትና መገርጣት

የጨቅላ ሕፃን ቢጫነት ከራስ ጀምሮ ወደ እግር እንደሚወርድ ክሬመር እ.ኤ.አ. በ1969 ካሳየ ወዲህ በዓይን መገመት የተለመደ ሆኗል። በዓይን የሚደረገው ግምት በአካል ቀርበው ሲያዩም አስተማማኝ አለመሆኑ ይታወቃል፤ በፎቶግራፍ ሲሆን ደግሞ ድርብ ግምት ይሆናል። በፎቶቴራፒ ሥር ያለ ሕፃን ምስል ለዚህ ምንም አይጠቅምም፤ የሕክምናው ብርሃን ራሱ ሰማያዊ ስለሆነ ካሜራው የሚያደርገው እርማት ሁሉ ከእርሱ ጋር የሚደረግ ትግል ነው። ምስል ማንሣት ግድ ከሆነ መብራቱን ለአፍታ ማጥፋት ይገባል።

የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ቢሊካም የተባለውን፣ የጨቅላ ሕፃናትን ቢጫነት በእጅ ስልክ ለመገመት የታሰበ ዘዴ ሲያቀርቡ በሕፃኑ አካል ላይ የቀለም መለኪያ ካርድ እንዲቀመጥ አድርገዋል። ስሌቱ የቱንም ያህል ቢረቅ፣ በምስሉ ውስጥ ቀለሙ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ከሌለ የሚነሣበት መሠረት አይኖረውም። ቀለምን ለመለካት ተብሎ የተሠራ መሣሪያ ማነጻጸሪያ ከጠየቀ፣ ያለ ማነጻጸሪያ የተነሣን ተራ ፎቶግራፍ ቢጫ ነው ወይስ አይደለም ብሎ መጠየቅ ከዓቅሙ በላይ ማዘዝ ነው። ለመገርጣትም ፍርዱ ይኸው ነው፤ ሄሞግሎቢን መለካት በሚቻልበት ቦታ ሁሉ ምስል የእርሱ ምትክ ሊሆን አይገባም።

አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ርካሽ የኤልኢዲና የፍሎረሰንት መብራቶች ብርሃናቸው ነጭ መስሎ ቢታይም ጥልቅ ቀይ የሆነው ክፍል የሚያንሳቸው ብዙ ናቸው። የነጭ ሚዛን ግራጫውን ግራጫ ሊያደርግ ይችላል፤ በብርሃኑ ውስጥ ያልነበረውን ቀይ ግን ሊፈጥር አይችልም። የደምና የብግነት ቅላት በእንዲህ ያለ ብርሃን ሥር ደብዝዞ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው እርማት የሚጀምረው ብርሃንን ከመምረጥ ነው።

የቆዳ ቀለምና የማሳመር ልማድ

የፎቶግራፍ ቴክኖሎጂ ከመነሻው ለሁሉም ቆዳ እኩል አልተበጀም። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች ያሰራጫቸው፣ በተለምዶ የሸርሊ ካርድ የሚባሉት የቀለም ማመሳከሪያዎች ለአሥርተ ዓመታት ነጭ ሴት የሚታይባቸው ነበሩ፤ የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች በአንድነት የወጡበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ ነው። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት ይህን ታሪክ በዝርዝር አቅርባለች። የጠይም ቆዳ ዝርዝር የሚጠፋበት ፊልም ለሽፍታና ለቁስል ሥዕላዊ መግለጫ ምን ያህል እንደማይመች መገመት አያዳግትም።

ዛሬ ብዙ ስልኮች ጠይም ፊትን አድምቀው እንዲያወጡ ተደርገው ይሸጣሉ። ለሠርግና ለልደት ይህ ምስጋና የሚገባው ነው። ለሕክምና ግን ቆዳን የሚያለሰልስ፣ የሚያነጣና ቅላትን የሚያጠፋ የማሳመሪያ ምርጫ ሽፍታን ያለ መድኃኒት ይፈውሳል። ስልኩ ሳይጠየቅ ይህን የሚያደርግ ከሆነ፣ ከፎቶግራፉ በፊት ምርጫውን ማጥፋት እጅን እንደ መታጠብ የሚቆጠር ግዴታ ሊሆን ይገባል።

እርማቱ ራሱ ሲሳሳት

ባዕድ ቀለም መኖሩን የተረዱ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳሉ፤ ምስሉን በኮምፒዩተር ላይ ትክክል እስኪመስላቸው ድረስ ይለዋውጡታል። ለማን ትክክል እንደሚመስል ግን አይጠየቅም። የትራኮማ ስላይድ የሚያዘጋጅ መምህር ቅላቱን ቢያጎላ፣ ተማሪው በመስክ የማያገኘውን ቅላት ሲፈልግ ይኖራል። ከሕክምና በፊትና በኋላ ተብለው ጎን ለጎን የሚቀርቡ የቁስል ፎቶግራፎች አንዱ በመስኮት ብርሃን፣ ሌላው በፍላሽ ከተነሡ፣ የሚታየው መሻሻል ምን ያህሉ የመድኃኒቱ፣ ምን ያህሉ የፍላሹ እንደሆነ ማንም አይለየውም።

የቴክኒክ ወሰንም አለ። ስልኮች በተለምዶ የሚያስቀምጡት ጄፔግ የተባለ ፋይል ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃዎች ብቻ ያሉት ሲሆን የካሜራው የነጭ ሚዛን በውስጡ ተጋግሮ ይወጣል። አንዱ ቀለም ከጣሪያው ከደረሰ በኋላ የጠፋው ዝርዝር አይመለስም። ሮው የተባለው ፋይል የመቀበያውን ቁጥር ሳይነካ ስለሚያስቀምጥ ሚዛኑን በኋላ ለመወሰን ያስችላል፤ በርካታ ስልኮችም ይህን ምርጫ ይዘዋል። በቴሌግራም ምስልን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል መላክ ጥራቱን ይጠብቃል፤ ሲነሣ የተዛባውን ቀለም ግን አያቃናም። በአንድ ወገን የመስኮት፣ በሌላው ወገን የአምፖል ብርሃን ያረፈበትን ፊት ደግሞ ለሁለቱም በሚሆን አንድ እርማት ማስተካከል አይቻልም፤ አንዱ ጉንጭ ሲቃና ሌላው ይዛባል።

ጆርናል ኦቭ ሴል ባዮሎጂ የተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የተቀበላቸውን ጽሑፎች ምስሎች ከማተሙ በፊት ይመረምር ነበር። መጽሔቱ ያስፋፋው መርሕ ለሕክምና ፎቶግራፍም ይስማማል፤ ማስተካከያ በመላው ምስል ላይ እኩል ይደረግ፣ የምስሉን አንድ ክፍል ለይቶ አይንካ፣ የመጀመሪያው ምስል ሳይነካ ይቀመጥ።

በትንሽ ወጪ የሚሠራ

ሥርዓቱ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ለፎቶግራፍ የተዘጋጀ ግራጫ ካርድ ከተገኘ መልካም ነው፤ ከቁስሉ ጎን፣ በዚያው ብርሃን ሥር ተቀምጦ አብሮ ይነሣል። ካልተገኘ ንጹሕ ነጭ ጎዝ ይረዳል፤ በአውቶክሌቭ ተደጋግሞ ገብቶ ቢጫ ያለው ግን አይሆንም። ነጠላና የጽሕፈት ወረቀት እንደሚታሰበው ነጭ አይደሉም፤ በዱቄት ሳሙናና በወረቀት ውስጥ የሚገባው ማንጪያ የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ወደ ሰማያዊ ስለሚለውጥ፣ በእነርሱ የተስተካከለ ምስል ወደ ቢጫ ሊያዘነብል ይችላል። የላቴክስ ጓንትም ገለልተኛ ቀለም አይደለም።

ብርሃኑ አንድ ዓይነት ይሁን። በቀን ከሆነ ሌላው መብራት ጠፍቶ በመስኮት ብርሃን፣ በሌሊት ከሆነ በአንድ በታወቀ መብራት ወይም በፍላሽ ማንሣት ይሻላል። ባለቀለም ሸራ ሥር ከማንሣት ታማሚውን ወደ ውጭ ማውጣት ይመረጣል። ስልኩ በእጅ የሚስተካከል ምርጫ ካለው የነጭ ሚዛኑ በአንድ ቁጥር ይቆለፍ፤ ከሌለው መጀመሪያ ራቅ ብሎ አካባቢውን ያካተተ፣ ቀጥሎ ቀርቦ ሌላ ምስል ማንሣት ተቀባዩ ልዩነቱን እንዲያስተውል ይረዳል። ተከታታይ ምስሎች በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ስልክ ይነሡ። ቀኑ፣ የብርሃኑ ምንጭና የስልኩ ዓይነት ከምስሉ ጋር ይጻፍ።

ከሁሉም በላይ ባለሙያው ካሜራውን ከማንሣቱ በፊት በዓይኑ ያየውን ቀለም በቃል ይመዝግብ። ምስሉና ጽሑፉ ሲጋጩ የሚቀድመው በአልጋው አጠገብ የተጻፈው ነው። የታማሚው ፈቃድም በሚረዳው ቋንቋ፣ በዋግ ለብዙዎች በኽምጣኛ፣ ይጠየቅ፤ ማንነቱን የሚገልጥ ክፍል ካላስፈለገ አይነሣ።

ተቃውሞና መልስ

መድኃኒትና ላቦራቶሪ በሚያጥርበት ቦታ ስለ ነጭ ሚዛን መጨነቅ ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ምስል ይበልጥ የሚታመነው ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታ ነው፤ የተሳሳተ ምስል የሚያስከፍለው ዋጋም በዚያ ቦታ ይበዛል። በከንቱ ወደ ሰቆጣ የሚሄድ ቤተሰብ የሥራ ቀኑንና ገንዘቡን ይከፍላል፤ መሄድ ሲገባው የሚቀር ሕፃን ደግሞ ከዚያ የበለጠ ይከፍላል። አንድ ቁራጭ ጎዝ ከእነዚህ ጋር የሚነጻጸር ወጪ አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ የተስተካከለ ቀለምም ቢሆን ፍጹም እውነት አይደለም የሚል ነው። ይህ ትክክል ነው። የነጭ ሚዛን ዓላማ ፍጹሙን ቀለም ማግኘት ሳይሆን ምስሎችን እርስ በርስ ማነጻጸር እንዲቻል ማድረግ ነው። የዛሬው ምስል ከትናንቱ፣ የኒሯቁም ከሰቆጣው ጋር በአንድ ሚዛን ሲመዘን ስለ ለውጥ መናገር ይቻላል።

ስለዚህ ድርሻው የግለሰብ ባለሙያ ብቻ አይደለም። የሕክምና ትምህርት ቤቶች የልብ ትርታ አለካክን እንደሚያስተምሩ ሁሉ የክሊኒካል ፎቶግራፍ አነሣሥንም ቢያስተምሩ፣ የሙያ ማኅበራትና መጽሔቶችም ለሚቀበሉት እያንዳንዱ ፎቶግራፍ የብርሃኑን ምንጭና የተደረገውን ማስተካከያ ቢጠይቁ፣ የጤና ቢሮዎች ለመስክ ቡድኖች ከሚያድሉት ቁሳቁስ ጋር አንድ ግራጫ ካርድ ቢጨምሩ፣ በዚህ ጽሑፍ የተነቀፈው ጉድለት በአብዛኛው ይቃለላል። ያ እስኪሆን ድረስ ቀለሙ ያልተመሰከረለት ፎቶግራፍ ሲደርሰው፣ ተቀባዩ ሐኪም ስለ ሕመሙ ከመፍረዱ በፊት ምስሉ በምን ብርሃን እንደተነሣ መልሶ ይጠይቅ።